ወርቅ የሌለው ወረቀት

እህቴ አስቻለች በቢቸና ከተማ የሌባ ስም የወጣላት በ1997 ዓ.ም. ሚያዝያ መግቢያ ላይ ነው። ስሙን ያወጣሁላት ደግሞ እኔ፣ የስምንት ዓመቷ ታናሽ እህቷ ወይንእሸት ነኝ። አሁን ሞጣ ከተማ አስተማሪ ነኝ። ልጆች ሰምተው ያልገባቸውን ነገር ከየት ከየት አምጥተው እንደሚሞሉት በየቀኑ አያለሁ፤ ባየሁ ቁጥርም ያ ሚያዝያ ትዝ ይለኛል።

ቤታችን ከቢቸና ወጣ ብሎ፣ ወደ ደብረ ወርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር። ከጓሯችን ጀምሮ እስከ ወንዙ የሚወርደውን ጥቁር መረሬ መሬት አባቴ አቶ ቢያድግልኝ ያርሰዋል። ከማሳው ባሻገር የጋሼ ምንይሉ ቤት ይታያል። ጎረቤት ነን፤ ግን እንደ ሌላው ጎረቤት እሳት አንለዋወጥም፣ ዕቃ አንዋዋስም። ለምን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም። ልጅ ሲወለድ የሚያገኘውን ነገር ሁሉ ድሮም እንደዚያው የነበረ ይመስለዋል።

ያ ዓመት የምርጫ ዓመት ነበር። አስቻለች አሥራ ሰባት ዓመቷ ሲሆን አሥራ አንደኛ ክፍል ትማራለች። ቀጭን፣ ረጅም፣ ስትራመድ እንኳ ከሰው ጋር የምትከራከር የምትመስል ልጅ ነበረች። አባቴ ሬዲዮውን ሲከፍት የያዘችውን ሥራ ትታ አጠገቡ ትቆማለች። የፓርቲ ሰዎች ይከራከራሉ። አንዱ ሲናገር «ይሄ ውሸት ነው!» ትላለች። ሌላው ሲመልስ «ይሄም ውሸት ነው!» ትላለች። አንዳንዴ ደግሞ «አሁን ገና እውነት ተናገረ» ብላ ታጨበጭባለች፤ ያጨበጨበችለት ሰውዬ ትናንት ውሸታም ያለችው ነው። እኔ ሬዲዮው ውስጥ ያሉት ሰዎች የሚሰሟት ይመስለኝ ነበር። አባቴም እንደዚያ ሳይመስለው አልቀረም። እሷ ስትጀምር ድምፁን ይቀንስና ዞር ብሎ በሩን ያያል።

«አንቺ ልጅ፣ ለመሆኑ የማን ወገን ነሽ?»

«የማንም።»

«የማንም የሚባል ወገን የለም።»

«እንግዲያው የራሴ ነኛ፣ አባዬ።»

«ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል» ይላል አባቴ። በልጅነቴ ከአባቴ አፍ ብዙ ጊዜ የሰማሁት ቃል ይኼ ነው።

የሥነ ዜጋ መምህሯ ቲቸር ታዘበው ይባላሉ። በልጅነታቸው ደብረ ወርቅ ቅኔ ቤት ብዙ ዓመት ተቀምጠው፣ ኋላ ወደ አስኳላ የዞሩ ሰው ናቸው። ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ቡናማ ኮት ይለብሳሉ። እኒህ መምህር ለክፍሉ የቤት ሥራ ሰጡ፤ «መሬት የማን መሆን አለበት? ከመጽሐፍ አትገልብጡ፤ የራሳችሁን ሐሳብ ጻፉ» ብለው።

አስቻለች ከጓሮ ባሕር ዛፍ ሥር ተቀምጣ ሁለት ቀን ጻፈች። ስትጨርስ እኔን ጠርታ፣ «ወይንዬ፣ እስቲ ስሚኝ» አለችና ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችልኝ። በልጅ ጆሮዬ የቀረው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ «እኛ ስንስቅ እነሱ አልቅሰዋል» የሚል።

«እታለም፣ እኔ እኮ አልሳቅሁም» አልኳት ደንግጬ።

ከት ብላ ሳቀችና፣ «አንቺማ ያን ጊዜ ገና በእማዬ ሆድ ነበርሽ» አለችኝ።

የቀረውን የነገረችኝ ካደግሁ በኋላ ነው። የወንዝ ዳሯ ማሳችን በ1989 ዓ.ም. የመሬት ድልድል ጊዜ ከጋሼ ምንይሉ ተቀንሳ ለአባቴ የተሰጠች ናት። መሬት ለሌለው መስጠት ተገቢ ነው ብላ ጽፋለች። ነገር ግን ጋሼ ምንይሉን ሳያናግሩ የወሰዱ ሰዎች ነገ አባቴንም ሳያናግሩ ሊወስዱበት ይችላሉ ብላለች። መሬት ይሸጥ ይለወጥ የሚሉትንም አልደገፈችም፤ አንድ ክፉ ዓመት ቢመጣ ድኻው ሸጦ ባዶ እጁን ይቀራል ስትል ጻፈች። እንግዲህ በሦስት ገጽ መንግሥትንም፣ ተቃዋሚውንም፣ የገዛ አባቷንም አስከፍታለች ማለት ነው። በምርጫ ዓመት ያን ያህል ሰው በአንድ ጊዜ ማስከፋት ቀላል ነገር አይደለም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቲቸር ታዘበው ቤታችን መጡ። እናቴ ባንቺዓለም የጾም ሽሮዋን እሳት ላይ ጥዳ ነበር። እኔን «ውጭ ተጫወቺ» ብለው አስወጡኝ። እኔም እንደ ታዘዝኩት ወጣሁና ከግድግዳው ጋር ተለጠፍኩ። ጭቃው በተፈረከሰበት በኩል ሽሮውም ድምፁም አንድ ላይ ይወጣል።

«ሰሙን አይቼዋለሁ» አሉ ቲቸር። «ወርቁ የታለ?»

«ወርቅ የለውም፣ ቲቸር።»

«እንዴት አይኖረውም? እንዲህ ያለ ነገር ወርቅ ሳይኖረው አይጻፍም። እስቲ ፈልጊና አምጪልኝ፤ ሲጠይቁኝ የማሳየው ነገር ልያዝ።»

«ምንም የደበቅሁት የለም። ያው ያዩት ነው።»

እናቴ «ወይኔ ልጄን!» ስትል ሰማሁ። አባቴ ድምፁ ተለውጦ፣ «ይኼ ነገር አደራጁ ፋንታ ጆሮ ከደረሰ አለቀልን» አለ።

«ደርሷል» አሉ ቲቸር ታዘበው። «የክፍሏ ልጆች አውርተዋል። ሰኞ ይመጣል። ልጅቷን ነገውኑ ከዚህ አርቋት።»

በቀዳዳው ሳይ ቲቸር ጎንበስ ብለው ወረቀቶቹን እሳቱ ውስጥ ከተቱ። እህቴ እጇን ዘረጋች፤ አባቴ እጇን ያዛት።

ዛሬ ያን ንግግር የቅኔ ተማሪ ያልሆነ ሰው እንኳ ይረዳዋል። ላይ ላዩ የሚሰማው ሰም፣ ከሥሩ የተሰወረው ወርቅ ነው። መምህሩ ፈልገው የነበረው ሌላ ትርጉም ነው። «እንዲህ ለማለት ነው እንጂ እንዲያ ለማለት አይደለም» ብለው የሚሟገቱበት አንድ መውጫ። እህቴ ግን መውጫ አላበጀችም። ለእኔ ለስምንት ዓመቷ ልጅ ነገሩ ከዚህ ሁሉ የቀለለ ነበር። የቲቸር ወርቅ ጠፍቷል፤ እህቴ አምጪ ተብላለች፤ እህቴ የለኝም ብላለች። ሰውየውም ተናደው ወረቀቶቿን አቃጠሉባት።

እሑድ ጠዋት አባቴ አስቻለችን ሞጣ አክስቴ ይርጋነሽ ጋ የሚወስድ አውቶቡስ ላይ አሳፈራት። አንድ ፌስታል ልብስና በነጠላ የተቋጠረ በሶ ይዛለች። «መቼ ነው የምትመጪው?» ብላት ፀጉሬን ዳበሰችኝ። አውቶቡሱ አቧራውን አልብሶን ሄደ። እናቴ ወደ ቤት ስንመለስ ትከሻዬን ጨብጣ፣ «ሰው ከጠየቀሽ ምንም አላውቅም በይ፤ ገብቶሻል?» አለችኝ። ገብቶኛል አልኳት። በእርግጥም የገባኝ መስሎኝ ነበር፤ ወርቁ ከተገኘ እህቴ ትመለሳለች።

ቀኑን ሙሉ ፈለግሁ። የአመድ ክምሩን በእንጨት ጫርኩ። የጭዱን ክምር ፈለፈልኩ። የባሕር ዛፉን ሥር ዞርኩ። ሲጨንቀኝ የእናቴ ሙዳይ ትዝ አለኝ። ሙዳዩ ውስጥ ለሠርጓ የተሰጣት የወርቅ ጉትቻ አለ፤ ለጥምቀትና ለፋሲካ ካልሆነ አታደርገውም። ሰኞ ጠዋት እናቴ ውኃ ስትቀዳ አወጣሁትና በመዳፌ ጨብጬ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ሮጥኩ።

የመምህራን ቢሮ በረንዳ ላይ ቲቸር ታዘበው ቆመዋል። ፊት ለፊታቸው የቆዳ ጃኬት የለበሰ ወጣት፣ ሞተሩን አስደግፎ፣ ማስታወሻ ደብተር ገልጦ ይዟል። ያ ሰው የገዥው ፓርቲ የወጣቶች አደራጅ ፋንታ እንደነበር ያወቅሁት ኋላ ነው። ያን ጊዜ ዓይኔ የነበረው ቡናማው ኮት ላይ ብቻ ነው።

«ወርቁ ይኸውልዎት» ብዬ መዳፌን ዘረጋሁ። ትንፋሼ ተቆራርጧል። «እህቴን ይመልሱልኝ።»

ቲቸር ታዘበው ጉትቻውን አዩ። እኔን አዩ። ፊታቸው ላይ የሆነውን ነገር እስከ ዛሬ በቃል ማስቀመጥ አልቻልኩም፤ ሰው ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ ድንገት መውረጃ መንገድ ሲያይ እንደዚያ ይሆናል መሰለኝ።

«የምን ወርቅ ነው?» አለ ፋንታ።

«የባለቤቴ ነው» አሉ ቲቸር ቀስ ብለው። ጉትቻውን ከመዳፌ ወሰዱት። «ጠፍቶብን ነበር።»

«እና ልጅቷ ከከተማው የጠፋችው ለዚህ ነው?»

«የልጅ ስም እንዳይበላሽ ብዬ ነው የደበቅሁህ። ወረቀት ያልከውም... አልሰጠችኝም፤ ዜሮ ነው የሰጠኋት።»

ፋንታ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሳቸውን ሲያይ ቆየና ሳቀ። «እኔ ደግሞ የፖለቲካ መስሎኝ ቀኔን በከንቱ አቃጠልኩ» አለና ደብተሩን አጠፈ። ሞተሩን አስነስቶ ሄደ።

እኔ አሁን እህቴን ይመልሱልኛል ብዬ ቆሜ እጠብቃለሁ። ቲቸር ታዘበው ግን ከፊቴ ቁጢጥ ብለው ጉንጬን ነኩኝና፣ «ሂጂ የኔ ልጅ፣ ወደ ቤትሽ ሂጂ» አሉኝ። ወርቃችንን ወስደው እህቴን ሳይመልሱ ቀሩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለስንት ዓመት መንገድ ላይ ባገኘኋቸው ቁጥር ፊቴን አዞርባቸው ነበር።

እናቴ እውነቱን የነገረችኝ ዩኒቨርሲቲ ልገባ ጓዜን ስሸክፍ ነው። ቲቸር ታዘበው በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ጉትቻውን መልሰው አምጥተዋል። አባቴ እግር ላይ ሊወድቁ ቃጥቷቸው፣ «ልጅዎን ከእስር አድኜ ስሟን ገደልኩ፤ ይቅር በሉኝ» ብለዋል። ሦስቱ ተቀምጠው ሲመክሩ ዋሉ። ከወሬው ይልቅ ወረቀቱ ይከፋል አሉ። እናቴ ጉትቻዋን እንደገና አድርጋው አታውቅም፤ ሰው ቢያይባት የመምህሩ ቃል ውሸት ሊሆን ነዋ። እኔ ደግሞ በየጥምቀቱ ባዶ ጆሮዋን እያየሁ ሌባው ሰውዬ እል ነበር።

ቲቸርን ራሳቸውን ጡረታ ከወጡ በኋላ ሄጄ ጠይቄያቸዋለሁ። «ፋንታ ግን አመነዎት?» አልኳቸው። «ማመን ፈልጎ ነበር» አሉኝ። «እሱም ገና ልጅ ነበር እኮ። የሰው ልጅ ማሰር ሁሉንም አያስደስትም።»

ወሬው ግን በሳምንት ውስጥ ቢቸናን አዳረሰ። በትምህርት ቤት «የሌባ እህት» አሉኝ። የጋሼ ምንይሉ ሚስት እኔ ሳልፍ ያሰጣችውን ልብስ ታስገባ ጀመር። ክረምት ሲገባ አባቴ ሞጣ ወሰደኝ። አክስቴ ይርጋነሽ ገበያው ዳር በስፌት መኪና ልብስ ትሰፋለች፤ አስቻለች ቁልፍ በመትከልና ዘርፍ በመስፋት ታግዛታለች። በደረስን በሦስተኛው ቀን አንዲት የቢቸና ልጅ ገበያ መጥታ ኖሮ እህቴን አይታ፣ «አንቺን ነው ወርቅ ሰረቀች የሚሉሽ?» ብላ ጠየቀቻት።

አስቻለች እስኪመሽ ቁልፍ ስትተክል ዋለች። በመጨረሻ መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰካችና፣ «ስለ ጻፍኩት ቢጠሉኝ ምንም አልነበር» አለች። «ባላደረግሁት? አሁኑኑ ሄጄ እነግራቸዋለሁ። የጻፍኩትን አንድ በአንድ እነግራቸዋለሁ።»

አክስቴ የስፌት መኪናውን አቆመች። «ከነገርሻቸው ያ መምህር ይታሰራል። አባትሽም ይጠየቃል። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሺ። ከዚያ በኋላ ትናገሪያለሽ፤ ማንም አይከለክልሽም።»

እኔ ከጨርቁ ክምር ሥር ተቀምጬ ጆሮዬን ደፈንኩ። የተናገርኩት እኔ እንደሆንኩ ያውቁብኛል ብዬ ፈርቼ ነበር።

አስቻለች ጨረሰች። ሕግ ተማረች። ዛሬ እዚሁ ሞጣ ጠበቃ ናት፤ ከሚበዛው ደንበኛዋ ጋር የምትቆመው በመሬት ክርክር ነው፣ ያውም ድንበራቸውን ከተነጠቁ ባልቴቶች ጋር። ቢቸና ግን ለጥየቃ ስትሄድ ከቤት አትወጣም ነበር። ማታ ገብታ በማግስቱ ትመለሳለች።

ባለፈው ዓመት ጥር ወር፣ ተዘግቶ የከረመው መንገድ ሰላም ሆኖ አውቶቡስ ሲጀምር ሁለታችን አብረን ሄድን። ትምህርት ከተቋረጠበት ገና መጀመሩ ነበር፤ እኔም ወደ ክፍሌ ከመመለሴ በፊት ወላጆቼን ላያቸው ፈልጌያለሁ። ጠዋት ፀሐይ ሞቅ እንዳለ አስቻለች ድንገት ነጠላዋን አነሳችና፣ «ነይ፣ ጋሼ ምንይሉን እንጠይቅ» አለችኝ።

ጋሼ ምንይሉ ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው። ከደጃቸው ግንድ ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ። ሰላምታ ተለዋወጥን። እህቴ ቆማ ቀረች።

«ጋሼ፣ እኔ ያኔ ከዚህ የሄድኩት ሰርቄ አይደለም» አለቻቸው።

«እኛስ አምነን ነበር» አሉ ሳይሸሽጉ። «ሚስቴ ነፍሷን ይማረውና ልብስ ታስገባ ነበር።»

«ወሬውን ያመጣሁት እኔ ነኝ!» አልኩ። እንዴት እንደወጣኝ አላውቅም። በአንድ ትንፋሽ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ቀዳዳውን፣ ጉትቻውን፣ በረንዳውን።

አስቻለች እጄን ያዘች። «አውቃለሁ፤ እማዬ ነግራኛለች» አለችኝ። «ያን የሚያህል መንገድ ብቻሽን፣ እኔን ልታስመልሺ መሮጥሽን ስሰማ ነው ቁጣዬ የበረደው። አንቺ እስክትነግሪኝ ነበር የጠበቅሁት።»

ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዞራ የጻፈችውን ነገረቻቸው። መሬቱን፣ ድልድሉን፣ የእኛን ሳቅ፣ የእነሱን ለቅሶ። ጋሼ ምንይሉ በትራቸውን መሬት ላይ እየጫሩ እስከ መጨረሻው አዳመጡ።

«ተሳስተሻል» አሉ። «እኔ አላለቀስኩም።»

«አልቅሰዋል ሲባል ነው የሰማሁት።»

«ሚስቴ ናት ያለቀሰችው። እኔ ተናድጄ ነበር። ማልቀስና መናደድ አንድ ነው እንዴ? ደግሞም መሬቷ ለአባትሽ መሰጠቷ ልክ ነበር። እሱ ሁለት ጥጃ እንኳ የሚያግድበት አልነበረውም። ያንገበገበኝ፣ ምንይሉ ሆይ ምን ትላለህ ብሎ አንድ ሰው አለመጠየቁ ነው። ይኸው በሃያ ስምንት ዓመቱ አንቺ መጣሽ።»

አስቻለች ግንዱ ላይ አጠገባቸው ተቀመጠች። «እንግዲያው ልጠይቅዎት። እኔ ያኔ መሬት አይሸጥ ብዬ ነበር። አሁን ፍርድ ቤት ስመላለስ ሐሳቤ ተቀይሯል። ባለቤትነቱ በእጇ ቢሆን፣ አንዲት ባልቴት—»

«አይሸጥም!» አሉ ጋሼ ምንይሉ በትራቸውን መሬት ላይ መትተው። «ጠበቃ ብትሆኚ ምን አገባኝ? አይሸጥም! ልጆቼ በአንድ ቀን ይጨርሱታል።»

«ልጆችዎ ናቸዋ የሚያውቁት!»

«ልጆቼን ታውቂያቸዋለሽ?»

ድምፃቸው ከፍ አለ። ከገበያ የሚመለሱ ሁለት ሴቶች ቆመው ያዳምጡ ጀመር። አንዷ «የለም፣ ለሴት በስሟ ከሆነ ነው እንጂ» ብላ ጣልቃ ገባች። አንድ ተማሪ ደብተሩን ብብቱ ሥር ወትፎ ተጠጋ። እኔ ሳላስበው ዞር ብዬ ወደ ቤታችን አየሁ።

አባቴ በሩ ላይ ቆሟል። ማሳውን አቋርጦ ቀስ እያለ መጣ። አሁን «ቀስ በሉ» ይላል ብዬ ጠበቅሁ፤ አስቻለችም ሳትጠብቅ አልቀረችም፣ ንግግሯን አቋርጣ አየችው። ጋሼ ምንይሉ ከግንዱ ላይ ፈቀቅ ብለው ቦታ ለቀቁለት። በእኔ ዕድሜ ሁለቱ አንድ መቀመጫ ላይ ሲቀመጡ ሳይ ያኔ ነው የመጀመሪያዬ።

አባቴ ትንፋሹን ሰበሰበ። የቆሙትን ሴቶች አየ፣ ተማሪውን አየ።

«እስቲ አንድ ጊዜ ዝም በሉ» አለ። «እኔም የምለው አለኝ።»